«35 በመቶ አተረፈ» ሲሉሽ፣ ከየትኛው ብር ላይ?

እህቴ፣ ከሸዋ ሮቢት የላክሽውን ጥያቄ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ከሽንኩርት ሽያጭ 150 ሺህ ብር አጠራቅመሻል። አንድ ባንክ በአክሲዮን 35 በመቶ አተረፈ ብለውሻል። ወረቀቱ ላይ 1,000 ብር የተጻፈበትን አንድ አክሲዮን ደግሞ በ2,500 ብር አቅርበውልሻል። «ልግዛ ወይስ ይቅርብኝ? ፈንዳሜንታል አናሊሲስ የሚሉትስ ምንድን ነው?» ነው ያልሽው። ብዙዎች «ባንክ አይከስርም፣ ዝም ብለሽ ግዢ» ብለው መልሰውልሻል። እኔ በዚህ አልስማማም።

ደብረ ብርሃን የእህል ነጋዴ ነኝ። ስንዴ ስገዛ ከጆንያው አፍ ያለውን አይቼ ብቻ ገንዘብ አልከፍልም። እጄን ወደ ውስጥ ሰድጄ ከሥር ያለውን አወጣለሁ። ፈንዳሜንታል አናሊሲስም ይኸው ነው። ድርጅቱ ስንት ያተርፋል? ትርፉ ከየት መጣ? ዕዳው ስንት ነው? የተጠየቀው ዋጋስ ይገባዋል? ይህን ከሂሳብ ሪፖርቱ መመርመር ነው።

በ2008 ዓ.ም. የመጀመሪያ አክሲዮኔን ስገዛ ግን ይህን አላደረግኩም። ወሬ ሰምቼ ገዛሁ። በዓመቱ የደረሰኝ የትርፍ ድርሻ ካሰብኩት ግማሽ አልሞላም። ተታለልኩ ብዬ ተናደድኩ። ኦዲት ላይ የሚሠራው የባለቤቴ ወንድም ወረቀቱን ዘርግቶ ሲያስረዳኝ ነው የገባኝ። ማንም አልዋሸኝም፤ እኔ ነኝ ያልጠየቅኩት።

በአንቺው ቁጥር ላሳይሽ። 35 በመቶው የሚሰላው ከ1,000 ብሩ ላይ ነው። አንድ አክሲዮን 350 ብር አተረፈ ማለት ነው። አንቺ የምትከፍይው ግን 2,500 ነው። ስለዚህ ባወጣሽው ገንዘብ ልክ ሲታይ ትርፉ 14 በመቶ ነው። እሱም ሙሉው እጅሽ አይገባም። ባንክ በሕግ ከተጣራ ትርፉ 25 በመቶውን ለመጠባበቂያ ያስቀምጣል፤ ይህም መጠባበቂያው ባለአክሲዮኖች ከከፈሉት ካፒታል ጋር እስኪስተካከል ድረስ ነው። ቢበዛ የሚከፋፈለው 262 ብር ከ50 ይሆናል፤ ግብር ሳይነሳ 10.5 በመቶ። መጠባበቂያው አይጠፋም፣ ባንኩን ያጠነክራል። ግን የልጆች ትምህርት ቤት አይከፍልልሽም። ጠቅላላ ጉባኤው «ትርፉ ለካፒታል ማሳደጊያ ይዋል» ካለ ደግሞ በጥሬ ገንዘብ ፋንታ አክሲዮን ነው የሚደርስሽ።

2,500ን ለ350 ስታካፍይ 7 ገደማ ይመጣል። የሰባት ዓመት ትርፍ ቀድመሽ እየከፈልሽ ነው። ይህን ቁጥር ለሁለት ለሦስት ባንኮች አውጥተሽ አስተያዪ።

ብዙ ሰው የሚስተው ሌላ ነገር አለ። ብሔራዊ ባንክ የባንኮችን ዝቅተኛ ካፒታል 5 ቢሊዮን ብር ካደረገ ወዲህ አዲስ አክሲዮን በብዛት ተሽጧል። ካፒታሉ 2 ቢሊዮን የሆነ ባንክ 700 ሚሊዮን ቢያተርፍ 35 በመቶ ነው። ካፒታሉ 5 ቢሊዮን ሆኖ ትርፉ ያው ከሆነ 14 በመቶ ይሆናል። ባንኩ ምንም አልከሰረም፣ ያንቺ ድርሻ ግን ቀጥኗል። ስለዚህ የአንድ ዓመት ሪፖርት አይበቃም። የአምስት ዓመቱን ጎን ለጎን አድርጊና የአንዱ አክሲዮን ትርፍ ወጣ ወይስ ወረደ ብለሽ እዪ።

የትርፉንም ምንጭ ተመልከቺ። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ለውጥ ወዲህ ከምንዛሪ ልዩነት የመጣ ትርፍ ካለ፣ በየዓመቱ ይደገማል ብለሽ አትቁጠሪው። ከወለድና ከአገልግሎት የሚገኘውን ነው የማምነው። የተበላሸ ብድር፣ ማለትም ተበዳሪ በጊዜው ያልመለሰው፣ እያደገ ከሆነ ደግሞ እኔ አልገዛም።

መሸጡንም ከአሁኑ አስቢ። እኔ አንዴ ገንዘብ ቸግሮኝ ገዢ ፍለጋ ወራት ፈጅቶብኛል። አክሲዮን በይፋ የሚገዛበትና የሚሸጥበት የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ በጥር 2017 ዓ.ም. ሥራ ጀምሯል፤ መጀመሪያ የተመዘገበውም ወጋገን ባንክ ነው። ያንቺው ባንክ እዚያ ተመዝግቧል ወይ ብለሽ ጠይቂ።

ሪፖርቱን ስታገኚ የሀብትና ዕዳውን፣ የትርፍና ኪሳራውንና የኦዲተሩን አስተያየት ገጽ ፎቶ አንስተሽ እዚሁ ለጥፊው፣ አብረን እናየዋለን። እስከዚያ ግን ለሚቀጥለው ተከላ የዘርና የማዳበሪያውን ገንዘብ ከ150 ሺሁ ላይ ቀንሰሽ ለብቻው አስቀምጪ።