ተከፍሎበታል፣ አፑ ውስጥ ግን የለም

ጥያቄ፦ እትዬ፣ ጤና ይስጥልኝ። ያለሁት ቨርጂኒያ ነው። ቀን ሆም ኬር እሠራለሁ፣ ማታ ነርሲንግ እማራለሁ። ዘንድሮ ኮሌጁ የወረቀት መጽሐፍ ትቶ «ቡክሸልፍ የሚባለውን አፕ ጫኑና እዚያ ላይ አንብቡ» አለን። ጫንኩት። በኢሜይሌ ገባሁ። አንድም መጽሐፍ የለም! ገንዘቡ ግን ከትምህርት ክፍያዬ ጋር ሄዷል። ድጋሚ ልግዛ እንዴ? ሌላው ደግሞ፣ የምንከባከባቸው እናት ቤት ዋይፋይ የለም። የማነበው እሳቸው ሲተኙ ነው። የስልኬ ዳታ እንዳያልቅብኝ ምን ላድርግ?

መልስ፦ እባክሽ እንዳትገዢ። መጀመሪያ ይህን ልጠይቅሽ፦ የገባሽው በየትኛው ኢሜይል ነው? በጂሜይልሽ ከሆነ ነገሩ ይኸው ነው። ኮሌጁ መጽሐፉን ያስመዘገበልሽ በተማሪነትሽ በሰጠሽ ኢሜይል ነው የሚሆነው። አፑ ሁለቱም ኢሜይል ያንቺ መሆኑን በምን ያውቃል? አዲስ ሰው መጣች ብሎ ባዶ መደርደሪያ ሰጠሽ። እኔ በምሠራበት የኮሌጅ ቤተ መጻሕፍት ሴሚስተር በተከፈተ ቁጥር ተማሪው ይዞ የሚመጣው ይህንኑ ጥያቄ ነው። አፑን ሦስቴ አጥፍተው ሦስቴ የጫኑ አሉ። መጫኑ ምንም አይለውጥም።

ከአፑ ውጪና በስልክሽ ብሮውዘር የኮርሱን ገጽ ክፈቺ፤ ካንቫስም ይሁን ብላክቦርድ። እዚያ ያለውን የመጽሐፉን ሊንክ አንዴ ተጫኚው። ብዙ ጊዜ መጽሐፉ ካንቺ ስም ጋር የሚያያዘው እዚያ ነው። አካውንት ክፈቺ ካለሽ በኮሌጁ ኢሜይል ክፈቺና ፓስዎርዱን ያዢው። አፑ ውስጥ በዚያው ግቢ። ወዲያው ካልመጣ ዝርዝሩን በጣትሽ ወደ ታች ሳብ አድርገሽ ልቀቂው፣ ይታደሳል። አሁንም ከሌለ ደረሰኝሽን ይዘሽ ወደ ኮሌጁ ቡክስቶር ሂጂ።

ወደ ዳታው እንምጣ። መጽሐፉን ከፍቶ ማንበብና ማውረድ አንድ አይደለም። ሳታወርጂ ካነበብሽ እያንዳንዱ ገጽ ከኢንተርኔት ነው የሚመጣው። የነርሲንግ መጽሐፍ ደግሞ ሥዕሉ መዓት ነው፤ ዳታሽን ይበላዋል። ስለዚህ ዋይፋይ ያለበት ቦታ ሆነሽ የማውረጃውን ምልክት ተጫኚ፤ እስኪጨርስ አፑን አትዝጊው። ከዚያ ሥራ ከመሄድሽ በፊት ስልኩን ኤርፕሌን ሞድ ላይ አድርጊና መጽሐፉን ክፈቺ። መካከል ላይ ያለ ምዕራፍ ሞክሪ፤ ሽፋኑ ብቻ መከፈቱ አያስተማምንም። ከተከፈተ እማማ ቤት ሆነሽም ይከፈታል። ያለ ኔትወርክ ያሰመርሽበትን በኋላ ዋይፋይ ስታገኚ ራሱ ያስገባዋል።

አውርዶ ማስቀመጥ የሚቻለው ብዙውን ጊዜ ሁለት ኮምፒውተርና ሁለት ስልክ ወይም ታብሌት ላይ ብቻ ነው። ስለዚህ ለአክስትሽ ልጅ ፓስዎርድሽን አትስጪ። እኔ ስስታም ሆኜ አይደለም፤ በፈተና ሳምንት «ቦታ የለም» ሲልሽ የምታለቅሺው አንቺ ነሽ። ስልክ ስትቀይሪም ከአሮጌው ላይ ቀድመሽ ውጪ።

መጽሐፉ የሚያልቅበት ቀን ካለውም ዛሬውኑ እዪው። በትምህርት ክፍያ የሚሰጥ መጽሐፍ አብዛኛው ኪራይ ነው፤ ጊዜው ሲደርስ ይዘጋል። እኔ ቢጫ ቀለም መቀባት ብዙም አልወድም። ሙሉ ገጹን ቢጫ አድርጎ «አጠናሁ» የሚል ተማሪ ስንቱን አይቻለሁ! የመድኃኒት መጠን፣ የላብ ውጤት ልክ፣ እንዲህ ያለውን በደብተርሽ ጻፊው። ደብተርሽ አይዘጋም።

የጽሑፍ ሥራ ላይ የገጽ ቁጥር ካስቸገረሽ ደግሞ፣ አንዳንዱ መጽሐፍ የወረቀቱን ቁጥር ይዞ ይመጣል፣ እሱን ጻፊ። ከሌለው በኤፒኤ (የምንጭ አጠቃቀስ ደንብ ነው) 7ኛ እትም የምዕራፉን ወይም የንዑስ ክፍሉን ስም መጥቀስ ይበቃል።

ጥያቄ፦ ከጅማ ነው የምጽፈው። የአናቶሚ መጽሐፍ በቴሌግራም ፒዲኤፍ አግኝቻለሁ። ፊደሉ ግን ጉንዳን ነው፤ በጣቴ ሳሰፋና ሳጠብ ዓይኔ ጠፋ። የተሻለ አፕ ይንገሩኝ።

መልስ፦ አፕ ብነግርህም ጉንዳኑ አይሄድም። ፒዲኤፍ ገጹ እንደታተመው የሚቀመጥ ነው፤ ለትልቅ ወረቀት የተሰናዳውን ስልክህ ላይ ሲያሳይህ መጥበቡ አይቀርም። ፊደሉን ስታተልቅ መስመሩ ራሱን ከስክሪኑ ጋር የሚያስተካክለው ኢፐብ የሚባለው ፋይል ነው። አፕ ከመምረጥህ በፊት የያዝከው ፋይል ምን እንደሆነ እይ።

ያም ሆኖ ሪድኤራን ጫን። ነጻ ነው፣ ማስታወቂያ የለውም፣ አካውንት ክፈት አይልም፣ ሁለቱንም ፋይል ይከፍታል። ፒዲኤፉን ስታነብ ነጩን ጠርዝ አስቆርጠውና ስልኩን አጋድመው። በጣም ይረዳል። አፑን ግን ከፕሌይ ስቶር አውርድ። ቻናል ላይ «ፕሪሚየም» እየተባለ የሚለቀቀውን ኤፒኬ (የአፕ መጫኛ ፋይል) ተወው። መጽሐፍ ማንበቢያ ኤስኤምኤስህን ላንብብ ካለህ ሌላ ሥራ አለው ማለት ነው።

ደግሞ ለአናቶሚ የማንም ኮፒ ውስጥ መግባት የለብህም። ቴክሳስ ሂዩስተን ያለው ራይስ ዩኒቨርሲቲ ኦፕንስታክስ በሚባለው ፕሮጀክቱ መማሪያ መጻሕፍት በነጻ ይለቃል። «አናቶሚ ኤንድ ፊዚዮሎጂ» ሁለተኛው እትም በ2022 እ.ኤ.አ. ወጥቷል፤ 28 ምዕራፍ ነው። ድረ ገጹ ላይ በየንዑስ ክፍሉ ይከፈታል፣ ፊደሉም ከስልክህ ጋር ይስተካከላል። ፒዲኤፉ ከሺህ ገጽ በላይ ስለሆነ እሱን በግቢው ዋይፋይ አውርደው፤ ካርድህን አታቃጥል።

ጥያቄ፦ የአማርኛ የታሪክ መጽሐፍ ፒዲኤፍ ውስጥ ቃል ስፈልግ «አልተገኘም» ይለኛል። ቃሉ ግን ዓይኔ እያየው ነው! አፑ አማርኛ አይችልም?

መልስ፦ አፑን አትውቀስ። ወይ ገጹ በስካነር የተነሳ ፎቶ ነው፣ ወይ ከዩኒኮድ (ፊደል በሁሉም መሣሪያ አንድ ዓይነት ሆኖ እንዲነበብ ካደረገው የጋራ ደንብ) በፊት በነበሩት የአማርኛ መጻፊያዎች የተተየበ ነው። አንድ መስመር ኮፒ አድርግና ማስታወሻ ላይ ለጥፈው። የእንግሊዝኛ ፊደልና ምልክት ዝብርቅርቁ ከወጣ ሁለተኛው ነው፤ ጭራሽ መምረጥ እምቢ ካለህ ፎቶ ነው። በሁለቱም ማውጫውን አይተህ በገጽ ቁጥር ሂድ፤ የምትመላለስባቸውን ገጾችም ምልክት አድርግባቸው።