ነጭ ላሚኔት የቤት ዕቃን ስለማጽዳትና ስለመንከባከብ፦ ጥያቄና መልስ

በገላን አካባቢ የቤት ዕቃ የምሠራ ባለሙያ ነኝ። በአዲስ አበባ ዳርቻ ባሉ አዳዲስ ሰፈሮች የሚኖሩ ወገኖች ስለ ነጭ ላሚኔት (ስስ ነጭ ልባጥ የተለበጠበት የታመቀ እንጨት) ዕቃዎቻቸው ላቀረቡልኝ ጥያቄዎች እንደሚከተለው መልሻለሁ።

ጥያቄ (ከኮዬ ፈጬ)፦ መንገዳችን አስፋልት ስላልሆነ በበጋ የቴሌቪዥን ማስቀመጫችን ጠዋት ተወልውሎ ከሰዓት በኋላ አቧራ ይለብሳል። በየቀኑ በደረቅ ጨርቅ ስጠርገው ወዙ ጠፋ፤ ብርሃን ሲያርፍበትም ክብ ክብ ጭረት ይታያል።

መልስ፦ እህቴ፣ ወዙን ያጠፋው በአቧራው ላይ የተደረገው ፍትጊያ ነው። በመንገድና በግንባታ አቧራ ውስጥ ያለው ደቃቅ አሸዋ ከላሚኔቱ ፊት ስለሚጠነክር፣ በደረቅ ጨርቅ ሲታሽ እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይፍቀዋል። በመጀመሪያ አቧራውን ሳይጫኑ በለስላሳ ብሩሽ ያራግፉ፤ ከዚያም ለብ ባለ ውሃ ውስጥ ጥቂት ጠብታ ላርጎ ጨምረው፣ የማይክሮፋይበር ጨርቅ ነክረውና አጥብቀው ጨምቀው፣ ጨርቁን ቶሎ ቶሎ እያለቀለቁ ከላይ ወደ ታች ይጥረጉ። በመጨረሻም በንጹህ ውሃ በራሰ ጨርቅ አልፈው ወዲያውኑ ያድርቁት፤ በተለይ የጉድጓድ ውሃ የምትጠቀሙ ከሆነ ሳይደርቅ የቀረው ጠብታ ነጭ ምልክት ይተዋል።

ጥያቄ (ከአያት)፦ የወጥ ቤት ካቢኔታችን ላይ እርድ ፈሶ ቢጫ ምልክት ቀረ። በበረኪና ልፈትገው?

መልስ፦ በረኪናውን ይተዉት፤ ከአቼቶ ጋር ከተቀላቀለ ደግሞ መርዛማ የክሎሪን ጋዝ ይወጣል። ቅባቱን በላርጎ ውሃ ያንሱ። የእርድ ቀለም በብርሃን እየደበዘዘ የሚሄድ ስለሆነ፣ መጋረጃውን ገልጠው ለጥቂት ቀናት ብርሃን እንዲያገኘው ማድረግ ከብዙ ፍትጊያ ይሻላል።

ጥያቄ (ከጀሞ)፦ አጃክስና የዕቃ ማጠቢያ ሽቦ መጠቀም ይቻላል?

መልስ፦ በፍጹም አይቻልም።

ጥያቄ (ከቱሉ ዲምቱ)፦ ወለሉ ሲወለወል ውሃ እየነካው የቁምሳጥናችን የታችኛው ጠርዝ አበጠ። ሲደርቅ ይመለሳል?

መልስ፦ ወንድሜ፣ እውነቱን ለመናገር አይመለስም። ነጩ ልባጥ እጅግ ስስ ነው፤ ከሥሩ ያለው ችፑድ ደግሞ በሙጫ ተጣብቆ የታመቀ የእንጨት ፍርፋሪ በመሆኑ፣ ውሃ ሲገባበት ፍርፋሪው ይነፋና የሙጫው ትስስር ይላቀቃል። አሁን የሚቻለው ጉዳቱ እንዳይስፋፋ ማድረግ ነው፦ በደንብ ይድረቅ፣ ክፍት የሆነውን ጠርዝ በሲሊኮን ይድፈኑት፣ ከሥሩም የፕላስቲክ እግር ያስገቡለት። ያበጠው ጎን ካስጠላዎ ያንኑ ጣውላ ብቻ ማስቀየር ይቻላል። ዕቃ ስታሠሩ የታችኛው ጠርዝ መለበጡን ጎንበስ ብላችሁ እንድታዩ አደራ እላለሁ፤ ብዙ ጊዜ ሳይለበጥ የሚቀረው ዓይን የማያየው ይኸው ጠርዝ ነው።

ጥያቄ (ከለገጣፎ)፦ ቡና የምናፈላበት ጥግ ያለው ቡፌ ወደ ቢጫ ተለወጠ። ይነጣል?

መልስ፦ በላርጎ ውሃ በራሰ ነጭ ጨርቅ ትንሽ ቦታ ይጥረጉ። ጨርቁ ቡናማ ከሆነ የከሰልና የእጣን ጭስ ነውና በተደጋጋሚ ጠረጋ ይለቃል፤ ጨርቁ ንጹህ ሆኖ ቢጫው ካልተነካ ግን ፀሐይ የለወጠው ስለሆነ አይመለስም። ማንደጃውን ከቡፌው ያርቁ፤ ትኩስ ጀበናም ያለ ማስቀመጫ አያሳርፉበት፤ ሙቀቱ የልባጡን ሙጫ ያላቅቃል።

ጥያቄ (ከሰበታ)፦ እንዳይቆሽሽ ብለን ከአዲሱ ዕቃ ላይ ላስቲኩን አልላጥንም።

መልስ፦ ዛሬውኑ ይላጡት፤ ፀሐይ ባገኘው ቁጥር ማጣበቂያው እየደረቀ ይጠነክራል። የቀረ ማጣበቂያ ካለ የምግብ ዘይት ቀብተው ጥቂት ካቆዩት በኋላ በለስላሳ ጨርቅ ያንሱትና በላርጎ ውሃ ያጽዱት።