ኦርካ ፎቶ ለማንሳት የትኛው ጀልባ ይሻላል ላሉት እኅታችን

ውድ እኅታችን፣ በነሐሴ ወር ከሲያትል በአሜሪካ ዋሽንግተን ግዛት ወደሚገኙት ሳን ሁዋን ደሴቶች ሄደው ኦርካዎችን፣ ማለትም ጥቁርና ነጭ የሆኑትን ትልልቅ የባሕር አጥቢዎች፣ ፎቶ ለማንሳት እንዳሰቡ፣ 300 ሚሊ ሜትር የሚደርስ ሌንስ እንዳለዎትና በጣም የሚጠጋ ጀልባ እንደሚፈልጉ ጽፈዋል። በዚያ ባሕር ዳር ለተከታታይ በጋዎች ስለተመላለስሁ የማውቀውን እነግርዎታለሁ፤ መልሴ ግን የሚጀምረው ከጀልባው ሳይሆን ከኦርካዎቹ ዓይነት ነው።

በአካባቢው የሚታዩት በአብዛኛው ሁለት ዓይነት ናቸው። “የደቡብ ነዋሪዎች” የሚባሉት ዓሣ፣ በተለይም ቺኑክ የተባለውን ሳልመን ይበላሉ፤ ቁጥራቸው ከ80 በታች ስለሆነና በ2005 እ.ኤ.አ. ለመጥፋት የተቃረቡ ተብለው ስለተመዘገቡ፣ ከ2025 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዋሽንግተን ግዛት ሕግ ማንኛውም ጀልባ ከ1,000 ያርድ፣ ማለትም ከ914 ሜትር ገደማ በላይ ሊጠጋቸው አይችልም። “ቢግስ” የሚባሉት ደግሞ “ሲል” የተባለውን እንስሳና መሰል የባሕር አጥቢዎችን እያደኑ የሚበሉ ሲሆኑ፣ ለእነርሱ የተደነገገው ርቀት 200 ያርድ፣ ማለትም 183 ሜትር ገደማ ነው። ልዩነቱን በሌንስዎ እናስላው፦ ሰባት ሜትር የሚረዝም ኦርካ በ914 ሜትር ርቀት ላይ ምስሉ በሚያርፍበት የካሜራዎ ሴንሰር ላይ የሚይዘው ቦታ 2.3 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው፤ በ183 ሜትር ግን ከ11 ሚሊ ሜትር ይበልጣል። ስለዚህ ጀልባ የሚከራዩ ከሆነ የሚያገኙት ፎቶ የሚወሰነው በዚያን ቀን በሚመጡት ኦርካዎች እንጂ በካፒቴኑ ድፍረት አይደለም፤ “አስጠጋችኋለሁ” የሚል ካፒቴን ካጋጠመዎት ገንዘብዎን ይዘው ይመለሱ።

እኔ ከጀልባ ይልቅ የብስን እመርጣለሁ። ከአናኮርትስ በፌሪ ወደ ሳን ሁዋን ደሴት ወደብ ፍራይደይ ሃርበር ተሻግረው በደሴቲቱ ምዕራብ ወደሚገኘው ላይም ኪልን ፖይንት ፓርክ ይሂዱ፤ ባሕሩ እዚያ ከዳርቻው ጀምሮ ጥልቅ ስለሆነ ኦርካዎቹ አንዳንድ ጊዜ ከቋጥኙ ሥር ያልፋሉ። ቀኑን ሙሉ ተቀምጦ ምንም ሳያዩ መመለስም አለ፤ እኔ ሁለት ቀን ሙሉ የመብራት ማማውን ብቻ አንስቼ ተመልሻለሁ።

የመጀመሪያ ዓመት ፎቶዎቼን ያበላሸው ግን ርቀት ሳይሆን ብርሃን ነበር። ክፈፉን ጥቁር ውኃና ጥቁር ጀርባ ሲሞላው ካሜራው ጨለማ መስሎት ብርሃን ይጨምራል፤ በዚህም ከዓይኑ በላይ ያለው ነጭ ምልክት ዝርዝሩን አጥቶ ባዶ ወረቀት ይመስላል። ስለዚህ የብርሃን መጠኑን ከሁለት ሦስተኛ እስከ አንድ ስቶፕ (የብርሃን መለኪያ፤ አንድ ስቶፕ ዝቅ ማለት ብርሃኑን በግማሽ መቀነስ ነው) ዝቅ አድርገው በሮው ፋይል፣ ማለትም ካሜራው ሳያቀናብር በሚያስቀምጠው ጥሬ ፋይል፣ ያንሱ፤ ጥላው በኋላ ሊነሣ ይችላል፣ የተቃጠለ ነጭ ግን አይመለስም። የሻተር ፍጥነት ከ1/1000 ሰከንድ አይውረድ፤ ከጀልባ ላይ ከሆነ 1/1600 ይሻላል፣ ለዚህም አይኤስኦውን (ካሜራው ለብርሃን ያለውን ስሜታዊነት) ከፍ ለማድረግ አይፍሩ።

ኦርካ በተከታታይ ጥቂት ጊዜ ተንፍሶ ለደቂቃዎች ይጠልቃል። የመጀመሪያውን ትንፋሽ ለማንሳት አይሩጡ፤ አቅጣጫውን ብቻ ይመልከቱና ሌንስዎን ከፊቱ አስቀድመው ይጠብቁ፣ ሁለተኛው ወይም ሦስተኛው ትንፋሽ እዚያ ይመጣል። ከተቻለ ግራ ጎኑን ያንሱ። ማይክል ቢግ የተባለው ካናዳዊ ተመራማሪ በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. እንዳሳየው፣ እያንዳንዱ ኦርካ በጀርባ ክንፉ ቅርጽና ከክንፉ ኋላ ባለው ግራጫ ምልክት ይለያል፤ ግራጫው በጥሩ ብርሃን ከወጣልዎት፣ ቤትዎ ተመልሰው ፎቶውን ከመለያ ካታሎጎች ጋር በማነጻጸር ያዩት የትኛው እንደሆነ በስሙ ሊያውቁት ይችላሉ።