«ቁልፉ እነማን ጋ ነው?» ስለ ሆቴልና ፔንሲዮን ስርቆት ጥያቄና መልስ

ለበዓልም ሆነ ለዕረፍት ወጥቶ ዕቃ የተሰረቀበት፣ ወይም እንዳይሰረቅበት የሚሰጋ ሰው ይጠይቀኝ ብዬ ነበር። ጥያቄው ከጠበቅኩት በላይ መጣ። የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርጌያለሁ። እኔ በዚህ ሥራ 14 ዓመት ቆይቻለሁ። ባሕር ዳር አንድ ፔንሲዮን ውስጥ በሌሊት ሪሴፕሽን ጀምሬ፣ በኋላ ቢሾፍቱ የክፍሎች ኃላፊ ሆኜ ሠርቻለሁ። የምመልሰው ካየሁት ነው።

ጥያቄ፦ ለጥምቀት ከቤተሰብ ጋር ጎንደር ሄደን ነበር። ከታቦት ስንመለስ ሻንጣችን ተበርብሮ አገኘነው። በሩ ግን ምንም አልሆነም። በምን ገቡ?

መልስ፦ እህቴ፣ በሩ ካልተሰበረ በቁልፍ ተከፍቶ ነው። ካየኋቸው ስርቆቶች አብዛኞቹ እንዲህ ነበሩ።

ፔንሲዮን ስትገቡ ከሪሴፕሽኑ ጀርባ ያለውን ሰሌዳ እዩት። ቁልፎች ሚስማር ላይ ተደርድረዋል። እያንዳንዱ ቁልፍ የክፍሉ ቁጥር የተጻፈበት እንጨት ተንጠልጥሎበታል። ቁልፉ ሰሌዳው ላይ ካለ እንግዳው ውጭ ነው። ማኪያቶ አዝዞ እዚያ 10 ደቂቃ የተቀመጠ ሰው የትኛው ክፍል ባዶ እንደሆነ ያውቃል።

አሁን ጥምቀትን አስቡት። ጥር 10 ከተራ ነው፤ ታቦታቱ ወደ ፋሲል ጥምቀተ ባሕር ወርደው ያድራሉ። ሕዝቡ ወይ እዚያው ያድራል ወይ ሌሊት 9 ሰዓት ተነስቶ ይሄዳል። ከተማው ውስጥ ያለ ሆቴል ሁሉ በአንድ ጊዜ ባዶ ይሆናል። ሠራተኛውም ታቦት መሸኘት ይፈልጋል። ስለዚህ ሪሴፕሽን ላይ የሚቀረው ብዙ ጊዜ ለበዓሉ የተቀጠረ አንድ ልጅ ነው። እንግዶቹን በመልክ አያውቃቸውም። ደግሞ ሁሉም ሰው ነጭ ለብሷል፤ ሁሉም ነጠላ ተከናንቧል።

እኔም በሁለተኛ ዓመቴ እንዲህ ቁልፍ ሰጥቻለሁ። ከሌሊቱ 10 ሰዓት ገደማ ነው። አንድ ነጠላ የተከናነበ ሰው መጣና «ወንድሜ ቶሎ በል፣ ሚስቴ ብርድ ላይ ቆማለች፤ 204» አለኝ። ሰጠሁት። ሰውየው ቁልፉን መልሶ፣ «እግዜር ይስጥልኝ» ብሎኝ ሄደ። የ204 እንግዶች ሲመጡ ነው የገባኝ። አሁንም ድረስ ያንን ድምፅ አልረሳሁትም።

ስለዚህ ቁልፉን ይዛችሁ ውጡ። «ሪሴፕሽን ጋ ይቀመጥ» ካሏችሁ «ይዤው ነው የምወጣው» በሉ። ግድ ካሉ፣ ስሜን ሳትጠይቁና መታወቂያ ሳታዩ ለማንም እንዳትሰጡ በሏቸው። እንዲህ ብሎ የሄደ እንግዳ ያለበትን ክፍል ቁልፍ ከመስጠታቸው በፊት ሁለት ጊዜ ያስባሉ።

ጥያቄ፦ የራሴን ጓጉንቸር ይዤ ብሄድስ?

መልስ፦ በሩ ከውጭ ማንጠልጠያ ካለው በጣም ጥሩ ነው። በገጠር ከተሞች ብዙ ቤት አለው። ለእሳት አደጋ ግን አስቡ፤ ሰው ውስጥ ተኝቶ ከውጭ እንዳትቆልፉ።

ጥያቄ፦ ከዋሽንግተን ነው የምጽፈው። ቦሌ አካባቢ ለአንድ ወር ዕቃ የተሟላለት አፓርትመንት ይዣለሁ። እናቴ አብራኝ ትሆናለች። ግቢው ጥበቃ አለው። ይበቃል?

መልስ፦ ጥበቃው ጥሩ ነው፤ ግን የሚጠብቀው የግቢውን በር ነው። እስቲ ቁልፉ እነማን ጋ እንዳለ እንቁጠር። አከራዩ አንድ አለው። ቤቱን ያሳየሽ ደላላ ጋ ሊኖር ይችላል። የምታጸዳዋ አላት። ከአንቺ በፊት የነበሩት ተከራዮች ሁሉ በእጃቸው ይዘውት ነበር፤ ቁልፍ ማስቀረጽ ደግሞ መንገድ ዳር የደቂቃዎች ሥራ ነው።

አከራዩን አስፈቅደሽ የበሩን ሲሊንደር አስቀይሪ። በሩን ሳይሆን ቁልፉ የሚገባበትን ብቻ ነው። አሮጌውን አስቀምጪውና ስትወጪ መልሰሽ አስገጥሚው። ከሌላ ወጪሽ ጋር ሲነጻጸር እዚህ ግባ የሚባል ገንዘብ አይደለም። ፈቃደኛ ካልሆነ ለምን እንዳልሆነ ጠይቂው፤ መልሱ ብዙ ይነግርሻል። ማታ ማታ ደግሞ ከበሩ ሥር ሽብልቅ አስገቢ። እናትሽ ከውስጥ መቀርቀሪያውን እንዴት እንደሚዘጉና እንደሚከፍቱ አሳዪያቸው፤ አንዳንዱ መቀርቀሪያ ለአዛውንት እጅ ይከብዳል።

ሌላው ፓስፖርትና ቢጫ ካርድ (የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ) ነው። ሁለቱን አንድ ቦርሳ ውስጥ አታድርጊ። ፎቶአቸውን ራስሽ ጋ ብቻ ሳይሆን አሜሪካ ያለ ቤተሰብ ጋም አስቀሪ።

ጥያቄ፦ ክፍል ውስጥ ያለው ካዝና ይታመናል?

መልስ፦ ከመሳቢያ ይሻላል። ግን እንግዳ ኮዱን ረስቶ ሲሄድ ሆቴሉ መክፈት ስላለበት፣ ብዙዎቹ ካዝናዎች የአስተዳዳሪ ኮድ አላቸው። ችግሩ ይህ ኮድ አንዳንድ ቦታ ከፋብሪካ እንደመጣ ሳይቀየር ይቀራል። እንዲህ ሞክሩት፤ የካዝናው በር ክፍት እንዳለ በራሳችሁ ኮድ ቆልፉት፤ ምላሱ ይወጣል። ከዚያ ዜሮ ብቻ፣ ቀጥሎ ዘጠኝ ብቻ እየደረደራችሁ አስገቡ። ምላሱ ከተመለሰ ምንም አታስገቡበት፤ ለሆቴሉም ንገሩ። ደግሞ በእጃችሁ ነቅነቅ አድርጉት። ከግድግዳ ወይም ከቁም ሳጥኑ ጋር በብሎን ካልታሰረ ሌባው ሳይከፍት ተሸክሞት ይሄዳል።

ጥያቄ፦ ለገና ላሊበላ ልንሳለም እንሄዳለን። ሆቴል አቅማችን አይደለም፤ ድንኳን ወይም ሰው ቤት ነው የምናድረው። ምን እናድርግ?

መልስ፦ ታኅሣሥ 29 ላሊበላ ላይ ከተማው ከሚይዘው በላይ ሰው አለ። ነዋሪው ሳሎኑን ሳይቀር ለቆ እንግዳ ያሳድራል። ብዙዎቹ ቅን ሰዎች ናቸው። ግን አንድ ክፍል ውስጥ የማትተዋወቁ አሥር ሰዎች ስትተኙ የቤቱ ባለቤት ሁሉንም ሊጠብቅ አይችልም።

ገንዘባችሁን ከፋፍሉት። ለዕለት የሚሆነው ኪስ፣ ለመመለሻ የሚሆነው ከውስጥ ልብስ ጋር በተሰፋ ኪስ። እናቶቻችን መቀነታቸው ውስጥ ቋጥረው ሲሄዱ ልክ ነበሩ። ከቡድናችሁ ተራ እየገባ አንድ ሰው ዕቃ ይጠብቅ። ቅዳሴ የቀረበት እንዳይመስለው ተራው ቶሎ ቶሎ ይቀየር።

ስልክ ቻርጅ የሚደረግበት ቦታ ተጠንቀቁ። ስልኩን አስረክባችሁ ቁጥር የተጻፈባት ቁራጭ ካርቶን ትቀበላላችሁ። ያቺን ካርቶን የያዘ ሁሉ ስልኩን ይወስዳል። ፓወር ባንክ ካላችሁ ያዙ፤ ከሌለ ስልኩ እስኪሞላ እዚያው ቁሙ። ቤተ ማርያም ላይ ቤዛ ኩሉ ሲባል ደግሞ ካህናቱ ዓለቱ ጠርዝ ላይ ሲያሸበሽቡ ሁሉም ቀና ብሎ ነው የሚያየው። ኪስ አውላቂ የሚሠራው ያኔ ነው። እጃችሁን ደረታችሁ ላይ አድርጋችሁ አመስግኑ፤ ስልኩም እዚያ ይሁን።

ጥያቄ፦ ሐዋሳ ምድር ቤት ክፍል ተኝተን፣ መስኮቱ ብረት እያለው የባለቤቴ ሱሪ ከነዋሌቱ ጠፋ። ሰው ባይገባ እንዴት?

መልስ፦ በዱላ ነው። ረጅም ዱላ ጫፍ ላይ ቆልማማ ሽቦ ያስራሉ። ሙቀት ስለሆነ መስኮቱ ክፍት ነው፤ ሱሪው ወንበር ላይ ተሰቅሏል። በብረቱ መሀል ዱላውን አስገብተው ቀስ አድርገው ይጎትቱታል። እኔ በሠራሁበት ቤትም አንዴ ጠዋት ግቢ ስንፈትሽ እንዲህ የተወሰደ ሱሪ ከአጥሩ ሥር አግኝተናል፤ ኪሶቹ ተገልብጠው። ልብስና ቦርሳ ከመስኮቱ ራቅ ያለ ቁም ሳጥን ውስጥ ይግባ። ብትችሉ አንደኛ ፎቅ ጠይቁ፤ ግን በረንዳው ከጎን ካለው ክፍል በረንዳ ጋር የተያያዘ አለመሆኑን እዩ።

ጥያቄ፦ አርባ ምንጭ ሎጅ ውስጥ «መስኮት አትክፈቱ» አሉን። ሌባ አለ ማለት ነው?

መልስ፦ ዝንጀሮ ነው። ምግብ ሸትቶት ይገባል፤ ቦርሳውንም ይዞ ይወጣል። የሚሏችሁን ስሙ፤ ሙዝ ክፍል ውስጥ አታስቀምጡ።

ጥያቄ፦ «ለጠፋ ንብረት ኃላፊነት አንወስድም» የሚል ማስታወቂያ ግድግዳው ላይ አለ። ሆቴሉ በዚህ ያመልጣል?

መልስ፦ በዚያ ወረቀት ተስፋ አትቁረጡ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ስለ ሆቴል ውል ራሱን የቻለ ክፍል አለው። አልጋ ማከራየትን ሙያው ያደረገ ሰው እንግዳው ይዞት ለገባው ዕቃ ተጠያቂነት አለበት። ግን ለሆቴሉ በአደራ የተሰጠ ዕቃና ክፍል ውስጥ የተተወ ዕቃ እኩል አይታዩም። ወርቅ፣ ብዙ ጥሬ ገንዘብ፣ ላፕቶፕ ካላችሁ ለሪሴፕሽን በአደራ ስጡና ፊርማ ያለበት ወረቀት ተቀበሉ። ዕቃው በዝርዝር ይጻፍ። «አንድ ቦርሳ» ብቻ ተብሎ ከተጻፈ ውስጡ ምን እንደነበር ልታስረዱ አትችሉም። ነገሩ ትልቅ ከሆነ ጠበቃ አማክሩ።

ጥያቄ፦ እንደተሰረቅን ባወቅንበት ሰዓት መጀመሪያ ምን እናድርግ?

መልስ፦ ክፍሉን አትንኩ፤ በስልክ ፎቶ አንሱ። ስልክ ከሆነ የጠፋው፣ በሌላ ሰው ስልክ ወዲያው መስመሩን አዘጉ፤ የኢትዮ ቴሌኮም ከሆነ 994፣ ለቴሌብር 127። ንግድ ባንክ ከሆናችሁ 951 ደውላችሁ ሞባይል ባንኪንጉን አስቁሙ። ሌባው ከስልኩ ይልቅ በውስጡ ያለውን ገንዘብ ሊፈልግ ይችላል። ከጉዞ በፊት *#06# ብላችሁ የሚመጣውን ባለ 15 አሃዝ ቁጥር ወረቀት ላይ ጻፉ፤ ፖሊስ ይጠይቃችኋል።

ፖሊስ ጋ በዚያው ቀን ሂዱ። አዲስ አበባ ከሆናችሁ 991 መደወል ይቻላል። የተጻፈ ማስረጃ ሳትይዙ አትመለሱ፤ ፓስፖርት ለማውጣትም ይጠቅማችኋል።

ብዙ ሰው የማያውቀው ደግሞ ይህ ነው። በሩ በካርድ የሚከፈት ከሆነ ብዙ ጊዜ መዝገብ አለው። የትኛው ካርድ በስንት ሰዓት እንደከፈተ ከበሩ መቆለፊያ ላይ ይነበባል። «የበሩን መዝገብ አውጡልኝ» በሉ። የካሜራውንም ቅጂ ወዲያውኑ ጠይቁ፤ በአዲስ ቀረጻ እየተተካ ይጠፋል። ከሳምንት በኋላ መጠየቅ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው።

ጥያቄ፦ በቴሌግራም ያየነው ጌስት ሀውስ ግማሽ ክፍያ በቴሌብር አስቀድመን እንድንልክ ጠየቀን። እንላክ?

መልስ፦ መጀመሪያ በቪዲዮ ይደውሉ፤ ከውጭው በር ጀምረው እየሄዱ ክፍሉን ያሳዩ። ከተማው ውስጥ የምታውቁት ሰው ካለ ሄዶ ይይ። ሁለቱም ካልሆነ አትላኩ። ለገናና ለጥምቀት ሰው ስለሚጣደፍ የሌላ ቤት ፎቶ ለጥፎ ቅድሚያ ክፍያ የሚሰበስብ አለ።

ጥያቄ፦ እኔ ሆቴል ውስጥ ክፍል አጽጂ ነኝ። የእንግዳ ላፕቶፕ ጠፋና ከደመወዝሽ ይቆረጣል አሉኝ። አልወሰድኩም። ይችላሉ?

መልስ፦ እህቴ፣ ዝም ብለው አይችሉም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከደመወዝ መቁረጥን ከልክሎ፣ የሚፈቀድበትን በሕግ፣ በኅብረት ስምምነት፣ በሥራ ደንብ፣ በፍርድ ቤት ትእዛዝ ወይም በሠራተኛው የጽሑፍ ስምምነት ወስኖታል። በተፈቀደበትም ጊዜ በአንድ ላይ ከወር ደመወዝ ሲሶ መብለጥ የለበትም። ስለዚህ ያላነበብሽውን ወረቀት አትፈርሚ። «ፈርሚና እንጨርሰው» ሲሉሽ ያ ፊርማ የጽሑፍ ስምምነት ይሆንብሻል። ወረዳሽ ያለውን የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ የሚመለከተውን ጽሕፈት ቤት ሄደሽ አነጋግሪ። ያን ቀን ቁልፉን ከስንት እስከ ስንት ሰዓት እንደያዝሽ፣ ለማን እንዳስረከብሽ ዛሬውኑ ጻፊ።

ጥያቄ፦ የወርቅ ሀብሌ ቢሾፍቱ ሪዞርት ውስጥ ጠፋ። ክፍሉን ያጸዳችው አንዲት ልጅ ብቻ ናት። እሷን አሲዤ ላስመርምር?

መልስ፦ እባክሽ ቆይ። እንዲህ ያለ ነገር በእጄ ላይ ደርሷል።

አንዲት እንግዳ ሀብሏ ጠፋ። ጠዋት ክፍሉን ያጸዳችው የ19 ዓመት ልጅ ነበረች። እኔ ኃላፊዋ ነኝ። እንግዳዋ ጮኸች፤ ባለቤቱ ተቆጣ፤ እኔም ፖሊስ ሲጠራ አፌን ይዤ ቆምኩ። ልጅቷ የሥራ ልብሷን እንደለበሰች ሄደች፤ ጣቢያ አደረች። በማግስቱ ላውንደሪ ውስጥ አንሶላ ሲዘረጋ ሀብሉ ጠብ አለ። እንግዳዋ ተኝታ ከአንገቷ ወልቆ አንሶላው ውስጥ ገብቶ ነበር። ልጅቷ አንሶላውን ጠቅልላ ያወረደችው እንደ ሥራዋ ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ አንሶላውንና የትራስ ልብሱን አስፈልጊ፤ የሻንጣሽን ገበር፣ የፎጣ ቅርጫቱን። ከዚያ የበሩን መዝገብ ጠይቂ። ተለዋጭ ቁልፍ ማን ማን ጋ እንደነበር አስጠይቂ፤ ከልጅቷ ሌላ ጥገናው፣ ተቆጣጣሪው፣ የሌሊቱ ፈረቃ አሉ። ይህ ሁሉ አልቆ ጥርጣሬ ካለ ፖሊስ ያጣራል። አንቺ ስም አትጥሪ፤ የሆነውን ብቻ ተናገሪ።

ጥያቄ፦ ያቺ ልጅስ? ተመለሰች?

መልስ፦ አልተመለሰችም። ባለቤቱ ይቅርታ ብሎ የሁለት ወር ደመወዝ ላከላት። ወንድሟ መጥቶ የሠራችበትን ቀን ብቻ ቆጥሮ ወሰደ። የቀረውን ጠረጴዛዬ ላይ ትቶት ወጣ። የመቆለፊያ ሳጥኗን ቁልፍም ከአጠገቡ አስቀመጠው።