የጎደለው ፊደል

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? የምጽፍልዎ ከድሬዳዋ፣ ከሳቢያን ነው። አያቴ ባቡር ላይ ይሠሩ ነበር። ከጅቡቲና ከኤደን ነጋዴዎች ያገኟቸውን የእንግሊዝ ሳንቲሞች በብስኩት ቆርቆሮ አስቀምጠው ትተውልናል። አብዛኞቹ ትልልቅ ቡናማ ፔኒዎች ናቸው። ሁለቱ 1882 ይላሉ። አንደኛው ከዓመቱ ሥር ትንሽ ፊደል አለው፣ ሌላኛው የለውም። ወንድሜ «ፊደል የሌለው ውድ ነው» ብሎ ሊሸጠው ቸኩሏል። በ1865ቱ ላይ ደግሞ የመጨረሻው ቁጥር ድርብ ይመስላል። በምን እንለየው? ከመሸጣችን በፊትስ እንጠባቸው?

መልስ፦ ልጄ፣ ከመጨረሻው ልጀምር። አትጠቧቸው። በሎሚም፣ በአመድም፣ በጥርስ ሳሙናም አትንኳቸው። ይህን የምልሽ ስላደረግኩት ነው። ወጣት ሳለሁ ከዚራ በአባቴ ሰዓት መጠገኛ ሱቅ እሠራ ነበር። አባቴ የሰጠኝን የ1861 ፔኒ በሎሚና በአመድ ፈትጌ አብለጨለጭኩት። እሱ ማጉያውን ዓይኑ ላይ ሰክቶ አየውና ዝም አለ። ከንግሥቲቱ አገጭ ሥር እንደ ፀጉር የቀጠነች ከፍ ያለች መስመር ነበረች። ማተሚያው ሲሰነጠቅ የተወው ምልክት ነው። እሷን ነው ፈትጌ ያጠፋኋት። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ስለዚያች መስመር ትንሽ ላስረዳሽ፣ ሌላው ሁሉ ከእሷ ይመጣል። ሳንቲም የሚታተመው በሁለት ጠንካራ ብረቶች መሐል ነው። እነዚህን ብረቶች እኔ ማህተም እላቸዋለሁ። ሥዕሉ በማህተሙ ላይ ጎድጉዶ ስለተቀረጸ በሳንቲሙ ላይ ከፍ ብሎ ይወጣል። ማህተሙ ሲሰነጠቅም ስንጥቁ ብረት ይሞላበትና ሳንቲሙ ላይ ከፍ ያለ መስመር ይሆናል። በኪስ ውስጥ ወይም በጠረጴዛ ላይ የደረሰ ጭረት ግን ወደ ውስጥ ይገባል። ከፍ ያለው የማህተሙ ነው፣ የጎደጎደው ሳንቲሙ ላይ የደረሰ ጉዳት ነው። የማህተሙ ምልክት በዚያው ማህተም በታተሙ ሌሎች ሳንቲሞችም ላይ ይገኛል። ሰብሳቢዎች የሚፈልጉት እሱን ነው።

አሁን ወደ 1882 እንሂድ። በነገራችን ላይ ዓመቱ የፈረንጅ ነው፣ ምንም አትደምሪበት። በዚያ ዓመት ከዓመቱ ሥር ያለችው ፊደል ሁለት ቋሚ እንጨት በአንድ አግዳሚ የተያያዙ ትመስላለች። «ኤች» ናት። በበርሚንግሃም የነበረው የሂተን ማተሚያ ቤት ምልክት ነው። የብዙዎቹ የ1882 ፔኒዎች ምልክት ይህ ነው። ያለ ፊደል በለንደን የታተመው እጅግ ብርቅ ነው። ወንድምሽ በዚህ አልተሳሳተም።

ግን ብርቅ ስለሆነ ሰው ፊደሏን ይፍቃታል። እኔ ራሴ የተፋቀ አይቻለሁ፣ አንድ ሰው እንደ እውነተኛ ገዝቶት በደስታ ይዞልኝ መጣ። ነገሩን መንገሩ ከብዶኝ ነበር። ስለዚህ ፊደሉ ሊኖር የሚገባበትን ቦታ በደንብ እዪ። ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ፣ የድሬ ፀሐይ ገና በአግድም በረንዳ ላይ ስትገባ፣ ሳንቲሙን ቀስ እያልሽ አዘንብዪው። ከላይ የሚወርድ ብርሃን ሁሉን ያደበዝዛል፣ የጎን ብርሃን ግን ትንሿን እብጠት ጥላ ያስጥላታል። ቦታው ከአካባቢው ዝቅ ካለ፣ ባንድ አቅጣጫ የሄዱ ቀጫጭን ጭረቶች ካሉት ወይም ቀለሙ ከሌላው ቡናማ ከተለየ፣ ተፍቋል። የዓመቱ ቁጥሮች ራሳቸው ካለቁ፣ በጀርባው ተቀምጣ የምትታየው ሴት፣ ብሪታኒያ የሚሏትም፣ ፊቷ ከጠፋ፣ ፊደሏም አብራ አልቃ ይሆናል። ሦስተኛም አለ፦ በማህተሙ ጉድጓድ ቅባትና ቆሻሻ ሲሞላ ፊደሉ ደብዝዞ ይወጣል ወይም ጭራሽ አይወጣም። እንዲህ ሲሆን ብዙ ጊዜ የአንዱ ቋሚ ጫፍ በማጉያ ይታያል። ቁጥሮቹ ጥርት ብለው፣ ሥሩ ያለው ሜዳ ግን ለስላሳ፣ ያልተነካና አንድ ቀለም ከሆነ፣ ያኔ ልብሽ ይምታ። ወንድምሽን ግን እስከዚያው አስቁሚው።

1865ን በተመለከተ። በዚያ ዘመን የዓመቱ የመጨረሻ ቁጥር ብዙ ጊዜ በማህተሙ ላይ በእጅ እየተመታ ይገባ ነበር። የቆየን ማህተም ላለመጣል አሮጌው ቁጥር ላይ አዲሱን ይመቱበታል። የ1865 ፔኒ አምስቱ በሦስት ላይ የተመታበት አለ። የ1858ቱም ስምንቱ በሰባት ላይ የተመታበት አለ። የአንቺን ለማወቅ የአምስቱን የላይኛውን አግዳሚና ሆዱን ተመልከቺ። ከአምስት ጋር የማይሄድ፣ የሦስት የሆነ ክብ ቅሪት ከወጣ፣ አገኘሽው። ድርቡ ግን ዝርግ ደረጃ ከሆነ፣ ሁሉም ቁጥሮችና ፊደሎች ወደ አንድ ጎን እኩል የተንሸራተቱ ከመሰሉ፣ ማህተሙ ሲመታ ስለተንቀጠቀጠ ነው። ያ ዋጋ አይጨምርም። ብዙ ሰው የሚታለለው እዚህ ላይ ነው።

ቆርቆሮውን ስትፈትሺ 1912፣ 1918 እና 1919 ካሉ ፊደሉን ከዓመቱ ሥር አትፈልጊ፣ በስተግራው ነው። ፊደል ካለው «ኤች» ነው፣ ወይም በ1918 እና 1919 የሌላ ማተሚያ ቤት ምልክት የሆነው «ኬ ኤን»። 1895 ካለ ከብሪታኒያ ጦር እስከ «ፔኒ» የመጀመሪያ ፊደል ያለውን ክፍተት በማስመሪያ ለኪ። 1 ሚሊ ሜትር የተለመደው ነው፣ 2 ከሆነ ለይተሽ አስቀምጪው። በ1902ቱ ደግሞ ከብሪታኒያ ኋላ ያለው የባሕር መስመር በአንዳንዱ ዝቅ ይላል፣ ዝቅ ያለው ተፈላጊ ነው። ከ1860 ወዲህ ያለ የነሐስ ፔኒ 9.4 ግራም ገደማ ነው። ወርቅ ቤት ሄደሽ ቢያስመዝኑልሽ ደግ ነው። ብዙ ከራቀ ሐሰተኛ ሊሆን ይችላል።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ከሐረር፣ ከጁገል ነኝ። ሴት አያቴ ድሮ ሰው ማርትሬዛ የሚባለውን የብር ገንዘብ ከመቀበሉ በፊት በላዩ በተሣለችው ሴትዮ ላይ ያለውን ዕንቁ ይቆጥር ነበር ይላሉ። ደግሞ አንድ ጓደኛዬ «ማርትሬዛ የእንግሊዝም አለ» አለኝ። ዓመቱ 1780 ሆኖ እንዴት ይሆናል?

መልስ፦ ልጄ፣ ሁለቱም እውነት ነው። ገንዘቡ ላይ ያለችው የኦስትሪያ ንግሥት ማሪያ ቴሬዛ በኅዳር 1780 ሞተች። ገንዘቡ ግን በእኛና በቀይ ባሕር ዙሪያ ስለተወደደ ዓመቱ ሳይቀየር መታተሙ ቀጠለ። ገበያው ሌላ ዓመት ካየ አይቀበልም ነበር። ኢጣሊያ በ1935 ማህተሙን ከቪየና ወስዳ በሮም ማተም ስትጀምር፣ በማግስቱ ዓመት ለንደንም ጀመረች። በርሚንግሃምና ቦምቤይም አትመዋል። እነዚህ ሁሉ 1780 ይላሉ፤ ስለዚህ የት እንደታተሙ የሚለየው በጥቃቅኑ ነው፦ በትከሻዋ ጌጥ ዕንቁዎች፣ በጀርባው ባለው ንስር የጅራት ላባ አወጣጥ፣ በጠርዙ ጽሑፍ። አያትህ የሚሉት ቆጠራ ዛሬ ሰብሳቢዎች በማጉያ የሚሠሩት ሥራ ነው። ገበያተኛው ያለ ማጉያ ይሠራው ነበር።

ሐረር ለዚህ የታደለች ናት። አሚሮቹ የራሳቸውን ሳንቲም ያትሙ ነበር። በራስ ተፈሪ ቤት ያለውን ሸሪፍ ሙዚየም ገብተህ የድሮ ሳንቲሞቹን ተመልከት። የራስህን ማርትሬዛ ደግሞ በወርቅ ቤት ሚዛን አስመዝን፣ 28 ግራም ገደማ መሆን አለበት። ጠርዙን በጥፍርህ አስኪደው፣ ፊደሉና ጌጡ ከፍ ብሎ መሰማት አለበት። ቀልጦ በቅርጽ ውስጥ የፈሰሰ ሐሰተኛ እዚያ ላይ ይልሰለሳል።

አያትህንም አንድ ነገር ጠይቅልኝ፦ ዕንቁውን ሲቆጥሩ ከየትኛው ወገን ይጀምሩ ነበር? መልሳቸውን ጽፈህ ላክልኝ።