ባለ አንድ ክፍል ሙዚየሜ፦ ለጠየቃችሁኝ ሁሉ

ደብረ ማርቆስ ግቢዬ ውስጥ ያለችውን ሰርቪስ ክፍል ወደ ትንሽ ሙዚየም ከቀየርኳት ወዲህ ጥያቄው በዝቷል። ድንጋይ፣ ቀንድ፣ የወፍ ጎጆ፣ ከወዳደቀ ብረት የበየድኳቸው ቅርጾች ናቸው ያሉኝ። የቻልኩትን ያህል ልመልስ።

ጋሼ፣ ለመጀመር ስንት ብር ያስፈልገኛል?

መጀመሪያ ደብተር ግዛ። መደርደሪያው ከአሮጌ ሳንቃ ይሠራል፣ መስታወቱም ከፈረሰ መስኮት ይገኛል። እቃው በመጣበት ቀን ቁጥር ስጠው። የት ተገኘ፣ ማን አመጣው፣ መቼ? ሳታድር ጻፈው። እኔ መጀመሪያ ሰሞን በቃሌ እይዘዋለሁ ብዬ ተውኩት። ዛሬ አንድ ካርቶን ሙሉ ባልጩት አለኝ፤ ከቡሬ በኩል ይምጣ ከሞጣ አላውቅም። ልጆች ሲጠይቁኝ የምመልሰው የለኝም። አሁንም ያንገበግበኛል።

ከሁሉ የሚወዱት የቱን ነው?

አንድ የሲኖትራክ ሹፌር ከደጀን በታች፣ ከአባይ በረሃ ያመጣልኝን የኖራ ድንጋይ። ጡጫ ያክላል። ፊቱ ላይ ዛጎል አለ፤ መስመሮቹ እንደ ማራገቢያ የተዘረጉ፣ አንድ ጫፉ የተሸረፈ። ከ150 ሚሊዮን ዓመት በፊት ገደማ ያ አገር ባሕር ነበር። ከብዙ ዘመን በኋላ፣ ከዛሬ 30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት፣ ቅልጥ አለት ፈስሶ ከላይ ሸፈነው። አባይ ደግሞ ቆርጦ ቆርጦ መልሶ አወጣልን። ልጆች ይህን ስነግራቸው «ውሃው ጨው ነበረው?» ይሉኛል። አዎ፣ ነበረው።

የኖራ ድንጋይ መሆኑን ለማወቅ ከጀርባው ሎሚ ጠብ አድርጉበት። አረፋ ያወጣል። የኛ ሰፈር ጥቁር ድንጋይ ግን ዝም ነው የሚለው። ዛጎሉ ላይ ግን እንዳታደርጉት፣ ይበላዋል።

በሕግ አያስጠይቅም?

ጥሩ ጥያቄ ነው፣ እህቴ። በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት በአጋጣሚ ቅርስ ያገኘ ሰው ማሳወቅ አለበት። ዛጎሉን ፎቶ አንስቼ ለዞኑ ባህልና ቱሪዝም መምሪያ አሳይቻለሁ። የዝሆን ጥርስና የነብር ቆዳ ደጄን አይረግጥም። አንድ ጊዜ ብራና ይዞ የመጣ ልጅ ነበር። ለመጣበት ቤተ ክርስቲያን እንዲመልሰው ለምኜ ሸኘሁት። እንዲህ ያለውን ነገር በነጻ ቢሰጧችሁም አትቀበሉ።

የበግ ራስ ቅል እንዴት ነው የሚጸዳው?

አታፍሉት፤ ስቡ ወደ ውስጥ ይገባል። ባልዲ ውሃ ውስጥ ነክራችሁ ከቤት ራቅ አድርጉት፤ ሽታው ከባድ ነው። ውሃውን እየቀየራችሁ ጥቂት ሳምንት ታገሱ። ሥጋው ሲለቅ ለብ ባለ ውሃና በዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ስቡን አውጡለት። ለማንጣት ከፋርማሲ 3 በመቶ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ይበቃል። በረኪና ግን በፍጹም! የመጀመሪያውን የበግ ራሴን በበረኪና አነጣሁት። በዓመቱ እጄ ላይ እንደ ዱቄት ፈረሰ።

ላባና ቆዳውን ብል ጨረሰብኝ።

በፌስታል አጥብቀህ ቋጥረህ ፍሪዘር ውስጥ ሁለት ሳምንት አቆየው። ስታወጣው ወዲያው እንዳትፈታው። አንድ ቀን ሙሉ ይረፍ፤ አለበለዚያ እርጥበት ይይዝና ይሻግታል። በክረምት ደግሞ መደርደሪያውን ከግድግዳው አርቀው።

መግቢያ ያስከፍላሉ?

አላስከፍልም።

ብረቱ ግን ጥበብ ነው ወይስ ቁርጥራጭ?

መጥታችሁ ሽመላዬን እዩት። እግሩ የጃንጥላ ዘንግ፣ አንገቱ የብስክሌት ሰንሰለት ነው፤ ምንቃሩ ደግሞ ያለቀ ማረሻ። ቀለም አልቀባሁትም። አፈር የሳለው ጫፍ በቀለም እንዲደበቅ አልፈልግም። ማረሻውን የሰጡኝ የማቻከል ወረዳ አባት አንድ ገበያ ቀን መጡ። ብዙ ቆመው አዩት። ከዚያ ጫፉን በአውራ ጣታቸው ዳሰስ አድርገው «ይኸማ የኔው ነው» አሉ። ካርዱን አነበብኩላቸው። «በሬዎቹንስ አልጻፍካቸውም?» አሉኝ። እዚያው ጨመርኩት፦ «ቁጥር 61፤ ማረሻ፤ ከማቻከል፤ በሬዎቹ ቦራ እና መጋላ።»