ዛንዚባር ለጫጉላ፦ ለእሷ ባሕሩ፣ ለእሱ ከተማው

ጥያቄ፦ ሠርጋችን በጥር፣ ከጥምቀት በኋላ ነው። ለጫጉላ ሽርሽር ዛንዚባር ለመሄድ ከእጮኛዬ ጋር ተስማምተናል፤ ከዚያ ወዲያ ግን በአንድም ነገር መግባባት አልቻልንም። እኔ የድግሱ ድካም እስኪወጣልኝ ከባሕሩ አጠገብ ንቅንቅ ማለት አልፈልግም። እሱ አሸዋ ላይ መተኛት በአንድ ቀን የሚሰለቸው፣ የቆየ ከተማና ገበያ ካላየ የተጓዘ የማይመስለው ሰው ነው። ከሠርጉ የሚተርፈን ገንዘብም ጥቂት ነው። ምን ትመክሩናላችሁ?
ሙሽሪት፣ ከአዲስ አበባ

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ወሩስ ቀንቷችኋል። በደሴቲቱ ዋጋ ጣሪያ የሚነካው በፈረንጆች ገናና አዲስ ዓመት ሰሞን በመሆኑ፣ ጥምቀት ሲያልፍ ግርግሩ ረገብ ይላል፤ አየሩም ሞቃትና ደረቅ ነው። ሠርጉ ከፋሲካ በኋላ ቢሆን ኖሮ እስከ ግንቦት የሚዘልቀው ከባድ ዝናብ ላይ ልትወድቁ ትችሉ ነበር።

ጠዋት ከተማ፣ ከሰዓት ባሕር እያሉ ቀኑን ለሁለት መክፈል ፍትሐዊ ይመስላል፤ ነገር ግን ግማሹ ቀን መኪና ውስጥ ያልቃል፣ የታክሲውም ሒሳብ ኪስ ያራቁታል። ስለዚህ ቀኑን ሳይሆን ጉዞውን ክፈሉት። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሌሊቶች በስቶን ታውን አሳልፉ፤ መሪው እሱ ይሁን። በ2000 (እ.ኤ.አ.) በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበው ይህ አሮጌ ከተማ በእግር ስለሚታይ ብዙ ወጪ የለውም። በ1873 (እ.ኤ.አ.) የተዘጋው የባሪያ ገበያ በነበረበት ስፍራ የተሠራውን የአንግሊካን ካቴድራል እዩ፤ ለእራት ፎሮዳኒ በሚባለው የአትክልት ስፍራ ማታ ማታ በሚዘረጋው የምግብ ገበያ ዑሮጆ የተባለውን ሾርባ ቅመሱ። ነዋሪው አብዛኛው ሙስሊም በመሆኑ በከተማው ስትዘዋወሩ ትከሻና ጉልበት የሚሸፍን ልብስ ይገባል።

በሦስተኛው ቀን ወደ ባሕሩ ስታልፉ አንድ የቅመም እርሻ ጎብኙ። ከጓዳ ብቻ የምናውቃቸውን ቅርንፉድን፣ ቀረፋን፣ ቁንዶ በርበሬንና እርድን ከነተክላቸው ማየት እርስዎንም የሚያስደስት ይመስለናል።

ከዚያ ተራው የእርስዎ ነው፤ ይሁንና ማረፊያውን በፎቶግራፍ ብቻ አይምረጡ። ባሕሩ በቀን ሁለት ጊዜ ይሞላል፣ ሁለት ጊዜ ይጎድላል። በምሥራቅ በኩል ባሉት በፓጄና በጃምቢያኒ ሲጎድል እጅግ ርቆ ስለሚሸሽ ለሰዓታት መዋኘት አይቻልም፤ በሰሜን ባሉት በኑንግዊና በኬንድዋ ግን ቀኑን ሙሉ ለማለት በሚያስደፍር ሁኔታ ይዋኛል፤ እዚያ ግን ሰውም ዋጋም ይበዛል። የእኛ ምርጫ ጃምቢያኒ ነው። አነስተኛ የእንግዳ ማረፊያዎች አሉት፤ ውኃው ሲሸሽ ሴቶች የባሕር አረም የሚያለሙበት ሜዳ ይገለጣል፣ እርስዎ በጥላ ሥር ሲያርፉ እሱ እዚያ መንሸራሸር ይችላል። ቀይ ኮሎበስ ጦጣዎች የሚገኙበት የጆዛኒ ደንም ሩቅ አይደለም፤ ዳላዳላ የሚባለው የሕዝብ ሚኒባስም ከታክሲ እጅግ ይረክሳል።

በጀታችሁን ስትሠሩ፣ ከጥቅምት 2024 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ግዴታ የሆነውን የ44 ዶላር የጉዞ መድን ለየራሳችሁ አስቡ። ከኢትዮጵያ ለሚሄድ መንገደኛ የቢጫ ወባ ክትባት ካርድም ያስፈልጋል፤ ካርዱ የሚጸናው ከተከተቡ ከ10 ቀን በኋላ ስለሆነ የሠርጉ ሩጫ ሳይጀምር ተከተቡ።